ጠቦ የተገኘ ሁሉ ይከፈት ወይ?

ለመሆኑ ሐኪም በምርመራ ያየውን ጉድለት ሁሉ ማቃናት ግዴታው ነውን? ጥያቄውን ለሰማው ሰው መልሱ ያለቀለት ይመስላል። «ሊያክም ካልሆነ ለምን መረመረ?» ይባላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እየተባልን ላደግን ለእኛማ፣ የተገለጠ በሽታ ግማሽ መንገድ የተፈወሰ ያህል ነው። እኔ ግን ዛሬ ከአንባቢያን ጋር ልነጋገርበት የፈለግሁት፣ ታይቶና ተለክቶ፣ ፎቶግራፍም ተነሥቶ፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ በመሣሪያ ሳይነካ ቢቀር ስለሚሻል አንድ በሽታ ነው። ይኸውም ወደ ኩላሊት ደም የሚወስደው ቧንቧ መጥበብ ነው። ይህን የመረጥሁት ከሌሎች በሽታዎች የከፋ ሆኖ አይደለም። በማየትና በማወቅ መካከል ምን ያህል ርቀት እንዳለ የሕክምናው ዓለም ሰማንያ ዓመት ያህል የተማረበት፣ የትምህርቱንም ዋጋ ሕመምተኞች የከፈሉበት ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ሁለቱ ኩላሊቶች አንድ ላይ ቢመዘኑ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞሉም። ሆኖም ልብ በየደቂቃው ከምትረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉ ወደ እነሱ ይሄዳል። ደሙን የሚያደርሱላቸው ከትልቁ የሆድ ደም ቅዳ በግራና በቀኝ የተገነጠሉ ቧንቧዎች ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ፣ በተለይም ሲጋራ፣ ስኳር በሽታና ኮሌስትሮል ሲጨመሩበት፣ የቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ በስብና በካልሲየም እየተለሰነ መንገዱ ይጠባል። በዚህ ጊዜ ኩላሊቱ የሚያደርገው ነገር ያስደንቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ከፍ ያለ ሰፈር የኖረ ሰው የቧንቧው ውኃ እንደ ክር ሲቀጥንበት «ከተማው ውኃ አለቀበት» እንደሚለው ሁሉ፣ ኩላሊቱም ከደጁ የሚደርሰው ደም ሲያንስበት መላው ሰውነት ደም የጎደለው መስሎት የድረሱልኝ ጥሪ ያሰማል። ሬኒን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቅቃል፤ ሬኒን ደግሞ አንጂዮቴንሲን የሚባለውን ያስነሣል። አንጂዮቴንሲን በመላው አካል ያሉትን ትናንሽ ደም ሥሮች ያጠባል፣ ጨውና ውኃም ከሰውነት እንዳይወጣ ያስይዛል። የደም ግፊት፣ እናቶቻችን «ደም ብዛት» የሚሉት፣ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ኩላሊቱ አልዋሸም፤ ከደጁ የደረሰውን ነው የተናገረው። ስህተቱ የራሱን ደጅ የአገሩ ሁሉ ደጅ አድርጎ መውሰዱ ላይ ነው።

ይህ እንዴት ታወቀ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1898 ስቶክሆልም ውስጥ ቲገርስቴትና በርግማን የተባሉ ሁለት ሰዎች ከጥንቸል ኩላሊት ያወጡትን ጭማቂ በሌላ ጥንቸል ደም ውስጥ ቢያስገቡ ግፊቱ ከፍ አለ። ሬኒን የሚለውን ስም ያወጡለት እነሱ ናቸው። ግኝታቸው ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት የሚያስታውሰው አጥቶ ቆየ። በኋላ ክሊቭላንድ ከተማ ሃሪ ጎልድብላት የሚባል የአስከሬን መርማሪ ሐኪም፣ የደም ግፊት የነበረባቸው ሰዎች የኩላሊት ደም ቅዳ ብዙ ጊዜ ጠቦና ደንድኖ እያገኘ ይቸገር ነበር። በዘመኑ የነበረው አስተሳሰብ ግፊቱ ቀድሞ መጥቶ ቧንቧውን አደነደነው የሚል ነው። ጎልድብላት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ቢሆንስ ብሎ ጠየቀ። የውሾችን የኩላሊት ደም ቅዳ በትንሽ የብር መቆንጠጫ አጠበበና ግፊታቸውን ለካ። ግፊቱ ወጣ። ይህን ያሳተመው በ1934 ነው።

ጥርት ያለ ሙከራ ነበር፤ እኔ በበኩሌ ከሃያኛው መቶ ዘመን ውብ ሙከራዎች አንዱ ነው እላለሁ። ይሁን እንጂ ከዚህ ሙከራ ምን ተማርን የሚለው ላይ ነው ጣጣው የመጣው። ጎልድብላት ያሳየው መጥበብ ግፊትን ሊያመጣ እንደሚችል ነው። ሰሚው ግን «ጠቦ የተገኘበት ሰው ሁሉ ግፊቱ ከዚያ ነው» ብሎ ሰማው። «ሊያመጣ ይችላል» እና «ይህንን ያመጣው እሱ ነው» የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማንኛውም የመንደር ሽማግሌ ያውቃል። ሰውዬው በሬ ሊሰርቅ ይችላል ማለት የዛሬውን በሬ የሰረቀው እሱ ነው ማለት አይደለም፤ በሬው በጠፋበት ሌሊት ሰፈር ውስጥ ታይቶ ቢሆን እንኳ። ሐኪም ቤት ውስጥ ግን ይህ የሽማግሌ ጥንቃቄ ቶሎ ይረሳል።

በ1938 አንድ ኩላሊቱ ያለቦታው ያደገ የአምስት ዓመት ሕፃን ያ ኩላሊቱ ሲወጣለት ከባድ የደም ግፊቱ እንደ ዳነለት ተጻፈ። የልጁ መዳን እውነት ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ያሳዝናል። ግፊት ያለባቸውና አንድ ኩላሊታቸው አነስ ብሎ ወይም ተበላሽቶ የተገኘ ሰዎች ኩላሊታቸው እየተቆረጠ ይወጣ ጀመር። በ1956 የኩላሊት ሊቁ ሆመር ስሚዝ በጽሑፍ የቀረቡ 575 እንዲህ ያሉ ቀዶ ሕክምናዎችን ሰብስቦ ቢመረምር፣ ግፊታቸው በእርግጥ የተስተካከለው አንድ አራተኛ ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ። የቀሩት ኩላሊታቸውንም ሰጥተው ግፊታቸውም አብሯቸው ቀረ። ይህን ያደረጉት ሐኪሞች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ጉድለት አይተው ዝም ማለት የከበዳቸው ሰዎች ነበሩ።

የዚህ አንዱ ምክንያት በሽታው ራሱ ነው። ጥበት ግፊትን እንደሚያመጣ ሁሉ የቆየ ግፊትም ጥበትን ያመጣል። ሁለቱም ከእርጅና፣ ከሲጋራና ከስኳር በሽታ ጋር አብረው ይኖራሉ። አሜሪካ ውስጥ ከ65 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ በተደረገ አንድ ጥናት፣ ከመቶ ሰዎች ሰባት ያህሉ ሳያውቁት የኩላሊት ደም ቅዳቸው ከግማሽ በላይ ጠቦ ተገኝቷል። ስለዚህ በአንድ አዛውንት ላይ ግፊትም ጥበትም ቢገኙ አንዱ የሌላው አባት ላይሆን ይችላል፤ ወንድማማቾች ሊሆኑ ይችላሉ። አባትና ልጅ ቢሆኑ እንኳ ልጁ ካደገ በኋላ አባቱን አይጠብቅም። ግፊቱ ለዓመታት ከቆየ ሌላው ደህና ኩላሊት ራሱ ይጎዳና፣ ጠባቡ ቢከፈትም ግፊቱ በራሱ መቆም ይችላል።

ቢላዋው ቀርቶ ፊኛው ሲመጣ ነገሩ ቀለለ፤ መቅለሉ ግን ፈተናውን አበዛው። በ1977 ዙሪክ ውስጥ የልብን ደም ቅዳ ለመጀመሪያ ጊዜ በፊኛ የከፈተው አንድሬያስ ግሩንትሲግ፣ በ1978 የኩላሊትንም በዚሁ ዘዴ መክፈቱን አሳወቀ። ከብሽሽት ቀጭን ቱቦ ገብቶ፣ ጥበቱ ላይ ደርሶ፣ ፊኛው ተነፍቶ ይወጣል። ኋላም ቧንቧው ተመልሶ እንዳይጠብ ስቴንት የምትባል ትንሽ የሽቦ መረብ ትቶ መውጣት ተለመደ። በአሜሪካ የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ በሆነው ሜዲኬር ሥር ባሉ ሰዎች ላይ የሚደረገው እንዲህ ያለ ሥራ ከ1996 እስከ 2000 ባሉት ዓመታት ብቻ ከእጥፍ በላይ አደገ። ለልብ ምርመራ የገባው ቱቦ «እግረ መንገዱን» ኩላሊትንም እያየ የሚወጣበት ጊዜ ነበር። ያየ ደግሞ ይከፍታል።

ፎቶግራፉን ያየ ሰው ይህ ለምን እንደ ሆነ ይገባዋል። ከመከፈቱ በፊት ቧንቧው እንደ አሸዋ ሰዓት ወገብ ቀጥኖ ይታያል፤ ከተከፈተ በኋላ ደሙ እንደ ክረምት ወንዝ ሲሄድ ይታያል። ሐኪሙ ይደሰታል፣ ልጆች ይደሰታሉ፣ ሕመምተኛዋም እግዜር ይስጥልኝ ትላለች። ፎቶግራፉ ዳነ። ሴትዮዋስ ዳነች ወይ የሚለውን ለማወቅ ግን ሌላ ፎቶግራፍ አይበቃም፤ ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ሳይከፈትላት የቀረች መሰሏም ታስፈልጋለች።

እዚህ ላይ ነው የሞራል ጥያቄው የሚጠነክረው። መሰሏን ለማግኘት ዕጣ መጣል ግድ ነው። ከመቶ ሰው ሃምሳው በዕጣ ይከፈትለታል፣ ሃምሳው በዕጣ በመድኃኒት ብቻ ይቆያል። የሰውን ሕክምና በዕጣ መወሰን ለጆሮ ይከብዳል። እናትህን ለዕጣ ትሰጣለህ ወይ ቢሉኝ መጀመሪያ የምሰጠው መልስ ቁጣ ነው። ነገር ግን ዕጣ እኛ ዘንድ የግዴለሽነት ምልክት ሆኖ አያውቅም። ዕቁብ የምንጥል ሰዎች ዕጣ የምናወጣው ከአባላቱ አንዱን ከሌላው የምናስቀድምበት ትክክለኛ ምክንያት ስለሌለን ነው፤ ምክንያት ሳይኖረው «ይህ ይቅደም» የሚል ዳኛ አድልዎ ይሠራል። በ1948 እንግሊዞች ስትሬፕቶማይሲን የሳንባ ነቀርሳን ያድን እንደሆነ በዕጣ ሲፈትኑ፣ ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ መድኃኒቱ ለሁሉ አለመዳረሱ ነበር። ለኩላሊቱ ቧንቧ ግን ስቴንት አላነሰም፤ ያነሰው እውቀት ነው። ሐኪሙ ከልቡ የማያውቅ ከሆነ፣ በልማድ ከሚከፍተው ይልቅ በዕጣ ቢመድብና ቢከታተል ለሕመምተኛው ታማኝ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚያውቅ ከሆነ ግን ዕጣው ኃጢአት ይሆናል።

ዕጣው ተጣለ። በ2009 በዋነኛነት ከብሪታንያ፣ በተጨማሪም ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ የመጡ 806 ሕመምተኞችን የያዘው አስትራል የተባለው ጥናት ውጤቱን አወጣ። በ2014 ደግሞ 947 ሰዎችን የመደበው ኮራል የተባለው ጥናት ታተመ። በኮራል ሞትን፣ የልብ ድካምንና የልብ ጥቃትን፣ ስትሮክንና የኩላሊት መድከምን አንድ ላይ ቢቆጥሩ፣ ከመድኃኒት ጋር ስቴንት ከገባላቸው 35.1 በመቶ፣ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 35.8 በመቶ ላይ ደረሰ። ልዩነት የለም ማለት ነው። የላይኛው የግፊት ቁጥር በስቴንቱ ምክንያት የወረደው ሁለት ነጥብ ያህል ነው። በአስትራል ደግሞ ከመክፈቱ ሥራ ጋር የተያያዘ ከባድ ጉዳት በ23 ሰዎች ላይ ደርሷል፤ ሁለቱ ሞተዋል፣ ሦስቱ የእግር ጣታቸው ወይም እግራቸው ተቆርጧል። ቧንቧው ሲነካ የረገፈው ልስን ወደ ታች ወርዶ የእግርን ትንንሽ ደም ሥሮች ሊዘጋ ይችላልና።

እንግዲህ «አይከፈት» ብለን እንዝጋው? አይደለም። እነዚህ ጥናቶች የሰበሰቡት በአብዛኛው ሐኪሙ «ይከፈት አይከፈት» ብሎ ያመነታባቸውን ሰዎች ነው። ሐኪሙ ያላመነታባቸው ወደ ዕጣው አልገቡም። በአስትራል ውስጥም ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ሰዎች ጥበታቸው ከ70 በመቶ በታች ነበር። ፋይብሮመስኩላር ዲስፕሌዢያ የሚባለው ዓይነት ጥበት ከስብ ልስን አይመጣም። በአብዛኛው ሴቶችን፣ ብዙ ጊዜም ወጣቶችንና ጎልማሶችን ይይዛል፤ ቧንቧው በፎቶግራፍ ሲታይ የተደረደረ ዶቃ ይመስላል። ይህ ያለስቴንት በፊኛ ብቻ ሲከፈት ብዙዎች ግፊታቸው ይሻሻላል፣ አንዳንዶቹም ጨርሰው ይድናሉ። ሳንባቸው በድንገት እየደጋገመ ውኃ የሚሞላባቸው፣ በአንድ ኩላሊት ብቻ የሚኖሩና እሱም እየደከመ ያለባቸው፣ በሦስትና በአራት ዓይነት መድኃኒት ግፊታቸው አልበገር ያላቸው ሰዎች አሉ። ለእነዚህ መክፈት ሕይወት ሊሆን ይችላል። ከአሥር ዓመት በፊት ሁሉን ይከፍት የነበረ ሐኪም ዛሬ ጥናቱን አንብቦ ማንንም የማይከፍት ከሆነ አልተማረም፤ ልማድ ለወጠ እንጂ። የ28 ዓመቷን ሴት በ75 ዓመት አዛውንቶች ቁጥር መልሶ ወደ ቤቷ መላክ፣ አዛውንቱን በሕፃኑ ታሪክ ኩላሊት እንደ ማውጣት ያለ ጥፋት ነው።

በእኔ አስተያየት የሞራሉ ጥያቄ ትክክለኛ ጊዜ ፎቶግራፉ ከተነሣ በኋላ ሳይሆን ከመነሣቱ በፊት ነው። ግፊቱ ከ30 ዓመት በፊት ወይም ከ55 ዓመት በኋላ በድንገት የመጣ እንደ ሆነ፣ አንዱ ኩላሊት ከሌላው ጎልቶ ካነሰ፣ አንዳንድ የግፊት መድኃኒት ሲጀመር ክሬአቲኒን የተባለው የኩላሊት መለኪያ ከዘለለ፣ በሆድ ላይ የሚደመጠው ደም የሚነፋ ድምፅ ካሰማ፣ ሐኪም መጠርጠሩ ተገቢ ነው። ከዚያ ዶፕለር የሚባለው አልትራሳውንድ ይመጣል፤ ይህ አይጎዳም። ሲቲ ስካን የሚወጋው ቀለም ግን የደከመን ኩላሊት ይበልጥ ሊያደክም ይችላል። ለኤምአርአይ የሚወጋው ጋዶሊኒየም ደግሞ፣ ኩላሊታቸው እጅግ በደከመ ሰዎች ላይ ቆዳን የሚያደነድን ክፉ በሽታ እንደሚያመጣ በ2006 ተደርሶበታል፤ ዛሬ በጥንቃቄ ይመረጣል። ስለዚህ «ቢገኝ ምን እናደርጋለን?» የሚለው ጥያቄ ከምርመራው አስቀድሞ ሊመለስ ይገባዋል። መልሱ «አሁን የምትወስደውን መድኃኒት እንቀጥላለን» ከሆነ፣ ፎቶግራፉ የሚጠቅመው ለማን እንደሆነ መጠየቅ ድፍረት አይባልም።

ገንዘብ በዚህ ውስጥ የለበትም አልልም። በአሜሪካ አሠራር ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ ነው፤ ሐኪም አንድ ሰዓት ተቀምጦ «እንተወው» ብሎ ቢያስረዳ የሚከፈለው ቱቦ ከሚያስገባው ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን ሁሉን በገንዘብ ማሳበብ አልወድም። ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ በደመወዝ በሚሠሩባት ብሪታንያም ይከፈት ነበር። የሚገፋው ሌላም ነገር አለ፤ ከሚገፉትም አንዱ እኛ ልጆቹ ነን። አገር ቤት ላሉ ወላጆቻችን በዓመታት መራቅ የተጠራቀመብን ዕዳ አለ። እናት ለሕክምና ስትመጣ ወይም የምርመራዋ ወረቀት በስልክ ሲላክልን፣ ዕዳውን በአንድ ትልቅ ነገር ልንከፍል እንሻለን። ክኒን ትልቅ ነገር አይመስለንም። ስቴንት ግን ይነገራል፣ ለዘመድ ይወራል፣ ገንዘብ ይዋጣለታል። ሐኪሙ «መድኃኒት ይበቃል» ሲል «ለእናቴ ምንም አላደረጉላትም» እንላለን። ፍቅራችን እውነተኛ ነው። መለኪያው ግን የእሷ ሕይወት ሳይሆን የእኛ ዕረፍት ሊሆን ይችላል።

ቋንቋውም ያግዘናል፤ ወይም ያሳስተናል። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ «ጠቧል» ያለውን ልጅ ቶሎ ብሎ «ተዘግቷል» ብሎ ይተረጉማል። በ«ጠበበ» እና በ«ተዘጋ» መካከል ያለው ልዩነት ለእናት የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ነው። ተዘግቷል የተባለች ሴት «ክፈቱልኝ» ከማለት ሌላ ምን ትላለች? «በመድኃኒት እንከታተለዋለን» የሚለው ደግሞ «አይነካም አሉ» ሆኖ ይደርሳታል፤ ይህም በእኛ ጆሮ ተስፋ የተቆረጠበት ሰው ወሬ ነው። እንዲህ ሆኖ የሚሰጠው ፈቃድ የእሷ ፈቃድ ነው ለማለት ይከብዳል። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጅ አጠገቧ ሊቀመጥ ይችላል፤ ባያስተረጉም ግን ይመረጣል፤ ልጅ ሲያስተረጉም ፍርሃቱንም አብሮ ይተረጉማልና።

መተው ማለት መጣል አለመሆኑን እናትም ልጅም በግልጽ ሊሰሙት ይገባል። በኮራል ጥናት መድኃኒት ብቻ የተሰጣቸው ሰዎች ችላ የተባሉ አልነበሩም። ግፊታቸው በብርቱ ክትትል ይወርድ ነበር፣ ኮሌስትሮልን የሚቀንስ ስታቲንና ደም እንዳይረጋ የሚያግዝ መድኃኒት ይሰጣቸው ነበር፣ የአንጂዮቴንሲንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒትም ይወስዱ ነበር። የዚህ የመጨረሻው ዘመድ የሆነውና በ1981 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ካፕቶፕሪል፣ መነሻው ጃራራካ በምትባል የብራዚል እባብ መርዝ ላይ የተደረገ ምርምር ነው። እባብ ከጎልድብላት መቆንጠጫ በኋላ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትገባለች ብሎ ማን ያስባል! የሚገርመው ደግሞ፣ ሁለቱም ቧንቧዎች በጠበቡበት ሰው እንዲህ ያለው መድኃኒት ኩላሊቱን ሊያደክም ስለሚችል፣ ከተጀመረ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ የደም ምርመራ ግድ ነው። ተቅማጥና ትውከት ባለ ጊዜ ለጊዜው ይቁም እንደሆነ ሐኪም መጠየቅ ያስፈልጋል። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ወይም በረመዳን እስከ ማግሪብ የሚቆዩ እናቶችና አባቶች ክኒኑን በስንት ሰዓት እንደሚወስዱ አስቀድመው ይነጋገሩ። ሲጋራ ይቁም። ወጡም ጨው ይቀነስለት፤ ይህ ከሁሉ የሚከብድ መሆኑን አውቃለሁ።

ይህ ሁሉ ፎቶግራፍ የለውም። በየሦስት ወሩ መኪና አስነሥቶ፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ፣ እናትን ደም ለማስመርመር ይዞ መሄድ ይጠይቃል። በእሑድ ቀን ክኒኑን ከሳጥኑ ቆጥሮ ማየት ይጠይቃል። አገር ቤት ላለችው ደግሞ ለስቴንት ከሚዋጣው ገንዘብ ጥቂቱ፣ መድኃኒቱ በየወሩ ሳይቋረጥ እንዲገዛላትና ግፊቷ በየሳምንቱ እንዲለካላት ቢውል፣ ለአብዛኞቹ አዛውንቶች ይህ ከስቴንቱ የማያንስ ሕክምና ነው።